ሁለት አስተዳደር የሚዋሰንበት ሰፈር ሕግ ይፈልጋል

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት መውጣት ያለበትን ሕግ ይመለከታል

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጠርዝ ነው። የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ከማስተምራቸው ልጆች ከፊሎቹ የሚመጡት ከአዲስ አበባ በኩል ነው፤ ከፊሎቹ ከኦሮሚያ በኩል። በመሃል ያለው አንድ መንገድ ነው። ልጆቹ መንገዱን ተሻግረው ኳስ ይጫወታሉ፣ ተሻግረው ዳቦ ይገዛሉ። ወላጆቻቸው ጉዳይ ሲኖራቸው ግን መንገዱ ወሰን ይሆናል።

ከተማዋ የማን ናት የሚለውን ክርክር ይዤ አልመጣሁም። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ይመስላል፤ እኛ ጠርዝ ላይ ለምንኖረው ግን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ሁለት አስተዳደር በሚዋሰንበት ቦታ ችግር ሲፈጠር፣ ሁለቱ የግድ ተቀምጠው የሚወስኑት የት ነው? ካልተስማሙስ ቀጥሎ ወዴት ይኬዳል? በስንት ቀን? ዛሬ ይህን ብንጠይቅ መልስ የሚሰጠን የለም።

ሕገ መንግሥቱ ጥያቄውን ቀድሞ አይቶታል። አዲስ አበባ በኦሮሚያ መሃል ስለምትገኝ፣ ክልሉ በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ሁለቱን በሚያስተሳስሩ አስተዳደራዊ ጉዳዮች ላይ ያለው ልዩ ጥቅም ይጠበቃል፤ ዝርዝሩም በሕግ ይወሰናል ይላል። ይህ ከተጻፈ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት አንድ ረቂቅ አጽድቆ ወደ እናንተ ምክር ቤት ልኮ ነበር። ከሁለቱም ወገን ቅሬታ ተነሣበት፤ አዋጅ ሳይሆን ቀረ። እኔ የምጠይቃችሁ ይህን ሥራ እንድትጨርሱት ነው።

ሕግ አለመኖሩ መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ።

ሰፈራችን ውስጥ የጎርፍ ማፋሰሻ አለ፤ እኛ ዲች ነው የምንለው። ከላይ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀምሮ በድንጋይ ተገንብቶ ይወርዳል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ወለሉ ሳይቀር በሲሚንቶ ተለስኗል። ሁለቱ አስተዳደሮች የሚገናኙበት ጋ ሲደርስ ግን ያበቃል። ከዚያ በታች ሜዳ ነው። ከሜዳው በታች የጭቃ ቤቶች አሉ። ሐምሌ ሲገባ፣ ከላይ ከየመንገዱ የተሰበሰበው ውሃ በአንድ አፍ ወጥቶ እነዚያ ቤቶች ላይ ይወርዳል። ዲቹ ባይሠራ ኖሮ ውሃው ተበትኖ ይወርድ ነበር። አሁን ተሰብስቦ፣ ጉልበት ጨምሮ ነው የሚመጣው። ግማሽ ድረስ መሠራቱ ከታች ላሉት ጨርሶ ካለመሠራቱ የባሰ ሆኗል።

ነዋሪዎቹ ለሁለቱም ወገን አመለከቱ። በአንደኛው በኩል ያለው ቢሮ “የእኛ በጀት ከወሰናችን ማለፍ አይችልም” አለ። በሌላኛው በኩል ያለው “ውሃው የሚመጣው ከእነሱ ነው፤ እነሱ ይጨርሱት” አለ። ሁለቱም በየራሳቸው መመሪያ ልክ ናቸው። ይህ እንዲሰመርበት እፈልጋለሁ። ክፉ ሠራተኛ አልገጠመንም። አንዲት ወጣት ኢንጂነር ጭቃው ውስጥ አብራን ወርዳ፣ በሜትር ለክታ፣ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ነው የሄደችው። “ሥራው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ክፍያውን የሚፈርም ማግኘት ነው” አለችን። ከወሰኑ ማዶ ለሚሠራ ሥራ ገንዘብ ብታወጣ ኦዲት እሷን ነው የሚጠይቃት። እንግዲህ የምትፈልገው ሕግ ሳይኖር ይቺን ልጅ ምን እንበላት?

ክረምቱን ያሳለፈን እድራችን ነው። እድሩ ከሁለቱም ወገን አባላት አሉት፤ ስብሰባው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይካሄዳል። ዶማና አካፋ ይዘን ወረድን። በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልተን ውሃውን ወደ ሜዳው አስቀየስነው። ግን እድር የተቋቋመው ለለቅሶ ነው። የመንግሥትን ቦይ መጨረስ የእሱ ሥራ መሆን አልነበረበትም።

ሌላም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። የማዶው ባጃጅ ወዲህ አይሻገርም፤ የወዲህኛው ታክሲም ታፔላው እስከሚፈቅድለት ድረስ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡርም ትሁን ሽማግሌ፣ ወርዶ በእግሩ ተሻግሮ ሌላ ይሳፈራል። ኪራይ ተወዶባቸው ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ማዶ ቤት የሚቀይሩ ቤተሰቦች ልጃቸው ሌላ ትምህርት ቢሮ ሥር ይገባል። የ8ኛ ክፍል ፈተናውን የሚያዘጋጀውም ሌላ ቢሮ ነው። አንዲት ተማሪዬ ሰነዶቿን በፌስታል ይዛ መጥታ “መምህር፣ መሸኛ የሚሰጡን መታወቂያ ስናሳይ ነው፤ መታወቂያ የሚሰጡን ደግሞ መሸኛ ስናመጣ ነው” አለችኝ። ፋይዳ ቁጥር አላት። የአገሪቱ መንግሥት ያውቃታል። ሁለቱ ወረዳዎች ግን አላወቋትም።

እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ትልቁ ልሂድ።

በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ሥራ ጀመረ። የፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ የደገፈው ፕሮጀክት ነበር። ዓላማው ለአሥርት ዓመታት የከተማውን ቆሻሻ የተሸከመውን ቆሼን ማሳረፍ ነው። ቆሻሻው ከአዲስ አበባ ይነሣል፤ የሚራገፈው ኦሮሚያ ውስጥ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ታመሙ ብለው ተቃወሙ። አገሪቱም ያኔ በተቃውሞ እየተናጠች ነበር። ክረምቱ ሳያልፍ ሰንዳፋ ቆመ፤ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደረመሰ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ለመደርመሱ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። የሰንዳፋ ገበሬ አቤቱታ ነበረው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ ቆሻሻውን የሚጥልበት ያስፈልገው ነበር። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ሁለቱን እውነቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ገበሬውን ክሶ፣ ውሃውን አስመርምሮ፣ በቀን ገደብ የሚወስን አካል ግን አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ወገን መንገድ ዘጋ፤ ሌላው ወደ ለመደው ተመለሰ።

ከዚያ በፊትም በኋላም ያየነው ይኸው ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ልማት ዕቅድ በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ ብዙ ወጣት ሞተበት፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ኮዬ ፈጬ ላይ ጠቡ እንደገና ፈነዳ። ለዓመታት የቆጠበው ባለ ዕድለኛና ከመሬቱ የተነሣው ገበሬ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ገበሬው ባለ ዕድለኛውን አልበደለውም፤ ባለ ዕድለኛውም ገበሬውን። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰን ላይ መስማማታቸውን አሳወቁ። በ2015 ደግሞ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎንና ሌሎችንም አጠቃሎ ሸገር ከተማ ተመሠረተ። ወሰኑ መታወቁ ጥሩ ነው። ነገር ግን ወሰን የሚነግረን ማን የት እንደሚያበቃ ብቻ ነው። ውሃ፣ ቆሻሻ፣ መንገድና ተማሪ ወሰኑን ሲሻገሩ ምን እንደሚደረግ አይነግረንም።

አሁን ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁ። ቤልጂየምን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁሌም ቆም የምልባት አገር ናት። ስፋቷ 31 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሕዝቧ ወደ 12 ሚሊዮን ይጠጋል። በሰሜን ደች የሚናገር ፍላንደርስ አለ፤ በደቡብ ፈረንሳይኛ የሚናገር ዋሎኒያ፤ በምሥራቅ ጥቂት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች። ዋና ከተማዋ ብራስልስ ዙሪያዋን በፍላንደርስ የተከበበች ናት። የሚበዛው ነዋሪዋ ግን ፈረንሳይኛ ይናገራል። ከተማዋ ስትሰፋ ሰው ቤት ፍለጋ ወደ ዳርቻው ይወጣል፤ ቋንቋውን ይዞ ይወጣል። የዳርቻው ባለ አገር ደግሞ “መሬታችንን፣ ቋንቋችንን ልንነጠቅ ነው” ብሎ ይሰጋል። ታሪኩን ስናገር ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

እኛና እነሱ አንድ ነን አልልም። እነሱ ሀብታም ናቸው። በቋንቋ ጠባቸው ውስጥም ደም የፈሰሰው ጥቂት ነው። ግን አስተዳደራቸው ቁጭ ብሎ ቢጠና ብዙ ይነግረናል፤ በተለይ የት እንደሠራና የት እንዳልሠራ ለይቶ ላየው ሰው።

የቋንቋ ወሰናቸውን በሕግ ያሰመሩት እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1963 ነው። ያኔ ከብራስልስ ዳርቻ ያሉ ስድስት ማዘጋጃ ቤቶች ፍላንደርስ ውስጥ ቀሩ፤ ሆኖም ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ነዋሪያቸው ከመንግሥት ጋር በቋንቋው የመገልገል መብት ተሰጠው። ሊንከቤክ፣ ክራይነም፣ ቬምል የመሳሰሉት ናቸው። ሕጉ ግን አንድ ነገር ሳያፍታታ አለፈ። ነዋሪው “በፈረንሳይኛ ጻፉልኝ” ብሎ የሚጠይቀው አንዴ ነው ወይስ በየጊዜው? እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ የፍላንደርስ መንግሥት በየጊዜው መጠየቅ አለበት የሚል መመሪያ አወጣ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ አንዴ ከጠየቅን ይበቃል አሉ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው ምርጫ ሦስቱ ማዘጋጃ ቤቶች የምርጫ መጥሪያውን ቀጥታ በፈረንሳይኛ ላኩ። ሕዝብ የመረጣቸው የሦስቱ ከንቲባዎች ሹመት በዚህ ምክንያት ለዓመታት ሳይጸድቅ ቀረ። በአንድ ደብዳቤ ቋንቋ!

ይህን የምነግራችሁ ለምንድን ነው? ረቂቁን እንደገና ስታነሡ ዝርዝሩን እንዳትዘሉት ነው። ሕግ አውጪ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሲቀር፣ የሚጨርሰው የመስኮት ሠራተኛና ባለጉዳይ እየተጨቃጨቁ ነው።

ቤልጂየሞች ታዲያ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ2011 በደረሱበት ስምምነት፣ ስለእነዚህ ስድስት ማዘጋጃ ቤቶች ከንቲባዎች የሚነሣ ክርክር ወደ አገሪቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ጠቅላላ ጉባኤ እንዲሄድ ወሰኑ። እዚያ የሁለቱም ቋንቋ ዳኞች አብረው ይቀመጣሉ። ጠቡ አልጠፋም። ግን የሚሄድበት በር አገኘ።

ሌሎችም መላዎች አሏቸው። በፌዴራሉ ካቢኔ ውስጥ፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ በስተቀር፣ የደች ተናጋሪና የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሚኒስትሮች ቁጥር እኩል መሆን አለበት፤ ሕገ መንግሥታቸው ነው የሚለው። በፓርላማ ከአንዱ የቋንቋ ቡድን ሦስት አራተኛው “ይህ ረቂቅ ግንኙነታችንን ይጎዳል” ብሎ ከፈረመ ሥነ ሥርዓቱ ይቆማል፤ ካቢኔው በ30 ቀን ውስጥ ምክንያቱን የገለጸ ሐሳብ ያቀርባል። የአንዱ ክልል ፓርላማ በሌላው ረቂቅ ጥቅሜ በብርቱ ይጎዳል ካለ 60 ቀን ማስቆምና መነጋገር ይችላል። ከዚያም ነገሩ ወደ አንድ የጋራ አማካሪ ኮሚቴ ይሄዳል፤ ኮሚቴው የሚወስነው በመግባባት ነው። የሥልጣን ክርክር ሲነሣ ደግሞ የሁለቱ ቋንቋ ዳኞች እኩል የሚቀመጡበት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አለ።

ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ሥርዓት ቀን አለው። 30 ቀን። 60 ቀን። የተከፋው ወገን መንገድ መዝጋት አያስፈልገውም፤ ሰዓቱን ማስጀመር ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2010 ምርጫ በኋላ ቤልጂየም 541 ቀን ሙሉ አዲስ መንግሥት ማቋቋም አቅቷት ነበር። ይህ ሁሌም እንደ መሳቂያ ይጠቀሳል። እኔ ግን ሌላውን ጎን አያለሁ። በእነዚያ ቀናት ደመወዝ ተከፍሏል፤ ባቡር ሄዷል፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለተኛ አጋማሽ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤትን በተራዋ በሊቀ መንበርነት መርታለች። ፖለቲከኞቹ ሳይስማሙ አስተዳደሩ መቀጠል ችሏል። እኛ ጋ ሁለት ባለሥልጣን ሲኳረፉ ዲች መሃል ላይ ይቆማል።

ያልሠራላቸውንም ልንገራችሁ። የብራስልስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ፍላንደርስ መሬት ላይ ነው፤ ድምፁ ግን ብራስልስም ላይ ይወርዳል። የበረራ መስመር የሚወስነው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ በከተማዋ ሰማይ ላይ ለሚሰማ ድምፅ ቅጣት የሚጥለው ደግሞ የብራስልስ ክልል። ከ20 ዓመት በላይ ተካሰሱበት። ከተማዋን ከዳርቻዋ ጋር ሊያገናኝ የታሰበውን የባቡር መረብ እ.ኤ.አ. በ2003 ተፈራረሙበት፤ በ2012 ያልቃል ተብሎ ነበር። የሦስቱ ክልሎች የየራሳቸው የግንባታ ፈቃድ፣ ከገንዘብ እጥረት ጋር ተደምሮ፣ ዓመታት አዘገየው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ብራስልስንና ዙሪያዋን የሚያገናኝ የጋራ የሜትሮፖሊታን ማኅበረሰብ በሕግ አቋቋሙ። ዝርዝሩ በክልሎቹ ስምምነት ይወሰናል አሉ። ስምምነቱ ሳይፈረም ዓመታት አለፉ፤ የጋራ ማኅበረሰቡም ወረቀት ላይ ቀረ።

ምን ጎደለው? እኔ እንደሚገባኝ ቀነ ገደብ ነው። ሌሎቹ መላዎች ሰዓት አላቸው፤ ይሄኛው ግን በሁለቱ ወገን መልካም ፈቃድ ላይ ተጣለ። እኛም አንቀጽ 49 ላይ ያደረግነው እሱኑ ነው። “ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል” ብለን ቀን አላስቀመጥንም።

ከዚህ የባሰም አለ። ቆጵሮስ እ.ኤ.አ. በ1960 ነፃ ስትወጣ ሕገ መንግሥቷ በአምስት ትልልቅ ከተሞች ለግሪኮችና ለቱርኮች የተለያየ ማዘጋጃ ቤት እንዲኖር ፈቅዶ ነበር። የማዘጋጃ ቤቶቹን ወሰንና ሥልጣን ሊስማሙበት አልቻሉም። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1963 የሁለቱንም ወገን እርምጃ ውድቅ አደረገ፤ ገለልተኛ የውጭ ዜጋ የነበሩት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ብዙም ሳይቆዩ ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተኩስ ተጀመረ። ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የማዘጋጃ ቤቶቹ ጠብ ግን አንዱ ነበር። የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ትንሽ ነው የሚል ሰው ይህን ያስታውስልኝ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ባዶ እጃችንን አይደለንም። የመንግሥታት ግንኙነት ሥርዓትን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1231/2013 በፌዴራሉና በክልሎች መካከል የመገናኛ መድረኮችን ዘርግቷል። በጣም ጥሩ ነው። ግን የትልልቅ አመራሮች መድረክ ነው፤ የእኛ ዲች እዚያ አጀንዳ አይሆንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 የክልሎች የወሰን ጥያቄ በስምምነት ካልተፈታ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲወስን ያዛል። ቀነ ገደብ ማስቀመጥ እንደምንችልበት ያሳያል። አንቀጹ የሚናገረው ግን ስለ ክልሎች ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ክልል አይደለችም። ብዙ ሰው በየቀኑ የሚሻገረው ይህ ጠርዝ፣ ሰዓት ከሌላቸው ወሰኖች አንዱ ሆኖ ቀርቷል።

ስለዚህ የሚወጣው ሕግ ከሁለቱም ወገን እኩል አባላት ያሉት ቋሚ የጋራ ምክር ቤት እንዲያቋቁም እጠይቃለሁ። ችግር ሲፈጠር የሚጠራ ሳይሆን በየወሩ የሚሰበሰብ ይሁን። ሥሩ ባለሙያዎች ያሉት ትንሽ ጽሕፈት ቤት ይኑረው። ከሁሉ በላይ የጋራ ቋት ይኑረው፤ ያቺ ኢንጂነር ወሰን ተሻግራ ብትሠራ በሕግ የምትጠየቅ ሳትሆን በሕግ የምትከፈል ትሁን። አንዱ ወገን ጥያቄ ባቀረበ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ። ካልተስማሙ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሂድ፤ እሱም የሚወስንበት ቀን ተጽፎ ይቀመጥ። ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ አገልግሎቱን ማን እንደሚሸከምም ሕጉ ይናገር፤ ክረምት ቃለ ጉባኤ አይጠብቅምና። ቃለ ጉባኤው ደግሞ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይለጠፍ። ከወሰኑ በሁለቱም በኩል በሚገኙ ወረዳዎች ነዋሪው በሁለቱም ቋንቋ ይስተናገድ፤ አንዴ ከጠየቀ ደግሞ ሁለተኛ አይጠየቅ።

ስለ ልዩ ጥቅሙ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ የከተማ ሰው ሲሰማው ይደነግጣል። ከተማዋ የምትጠጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ነው። በየግድቡና በየጉድጓዱ ዙሪያ የሚኖር ሰው ቧንቧ ይድረሰኝ ቢል ምን ክፋት አለው? ቆሻሻችንን የሚቀበል ገበሬ ካሣና ንጹሕ ውሃ ቢጠይቅ ምን ያስቆጣል? ይህ ከተማዋን ከማንም አይነጥቅም። በሕግ ተዘርዝሮ፣ በቁጥር ተቀምጦ ቢታወቅ የከተማውም ሰው እፎይ ይላል፤ ዛሬ የሚያስፈራው የማይታወቅ መሆኑ ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ከአንዱ ወገን “የከተማዋን ራስን በራስ የማስተዳደር ሥልጣን ያጠባል” ይባላል። ከሌላው ወገን “የክልሉን መብት ኮሚቴ ውስጥ ያሟሟዋል” ይባላል። ሁለቱንም ሰፈር ውስጥ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱንም የሚሉት የማከብራቸው ሰዎች ናቸው። ግን የከተማዋ ነዋሪዎች ራሳቸውን የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣንና የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም የተጻፉት በአንድ አንቀጽ ውስጥ ነው፤ አንዱ ንዑስ አንቀጽ 2 ሌላው ንዑስ አንቀጽ 5። አንዱን ብቻ አንብቦ መጽሐፉን መዝጋት አይቻልም። ደግሞስ ያለ ሕግ በቆየንባቸው ዓመታት የትኛው ወገን አተረፈ? የሰንዳፋ ገበሬ አላተረፈም። የቆሼ እናት አላተረፈችም። የኮዬ ፈጬ ባለ ዕጣም፣ ተነሺም አላተረፈም።

“ጊዜው አይደለም፤ መጀመሪያ ሰላም ይስፈን” የሚልም አለ። ሰላም የማይሻ የለም። ነገር ግን እኛ ሰፈር የጎረቤት ቂም የሚጀምረው ከትልቅ ፖለቲካ አይደለም። “የእናንተ ጎርፍ ቤቴን አፈረሰው” ከሚል ነው። “የእናንተ” የምትለዋ አባባል ባለፈው ክረምት ስትጀመር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት አልነበረችም።

በመጨረሻ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። ረቂቁን ከማንሣታችሁ በፊት ጉዳዩ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴያችሁ ወደ ጠርዙ ይምጣና የሕዝብ አስተያየት መስሚያ መድረክ ያዘጋጅ። በሆቴል አዳራሽ አይሁን፤ ሰዉ በሚኖርበት ይሁን። ከሁለቱም አስተዳደር ባለሙያዎች ይምጡ፤ የሚናገሩት ግን በቅድሚያ ነዋሪዎቹ ይሁኑ፤ ገበሬው፣ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ፣ ተከራዩ፣ የባጃጅ ነጂው። ከግንቦት በፊት ከሆነ ዲቹንም በደረቁ ታዩታላችሁ። የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ቅዳሜና እሁድ ክፍት ነው፤ ርዕሰ መምህሯን አነጋግሬ ፈቅደዋል። ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ከአፋን ኦሮሞም ወደ አማርኛ የሚያስተረጉሙ መምህራን አሉን፤ ያለ ክፍያ ሊያግዙ ተስማምተዋል። የእድራችን ወንበሮችም ይበቃሉ። ቀኑን ብቻ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአዲስ አበባ ጠርዝ፣ የሥነ ዜጋ መምህር